የቃሬዛው ልምምድ

«ቀኝ ከፍ! ቀኝ ነው ያልኩት! ዘመኑ፣ ቀኝህን አታውቅም እንዴ?»

እየሩስ ከአራት ወንዶች ትከሻ በላይ ተቀምጣ የፕላስቲኩን ወንበር እጀታ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች። ወንበሩ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል የመጣ ነው። በሁለት አጣና ላይ በገመድ ተጠፍሯል፤ አጣናዎቹ ደግሞ በዋልልኝና በሦስት ጓደኞቹ ትከሻ ላይ አርፈዋል። ዘመኑ ቀኙን ከግራው እስኪለይ ድረስ ወንበሩ ወደ ደረጃው ጠርዝ ዘመመና እየሩስ ከታች ያለውን ሲሚንቶ ቁልቁል አየችው። ሲሚንቶውም መልሶ ያያት መሰላት።

«ፈገግ በይ እንጂ!» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙላቴ፣ ከታች ሆነው ስልካቸውን ደግነው። «ሰኞ እኮ እንግዳ ፊት ነው። እንዲህ ተኮሳትረሽ ከወጣሽ በግድ የተሸከምንሽ ነው የሚመስለው።»

«አውርዱኝ» አለች እየሩስ።

«አይዞሽ፣ አንጥልሽም» አለ ዋልልኝ እያለከለከ።

«ትጥሉኛላችሁ መች አልኩ? አውርዱኝ ነው ያልኩት።»

አወረዷት። ከደረጃው ሥር የምትጠብቃት ጓደኛዋ ውቢት ተሽከርካሪ ወንበሩን አስጠጋችላት። እየሩስ በክንዶቿ ተደግፋ ተዛወረችና መንኩራኩሮቿን ስትጨብጥ ትንፋሿ ተመለሰ።

በዚህ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ታች፣ አሥረኛ ክፍል ፎቅ ላይ ይማራል። ማን እንደወሰነው የሚያስታውስ የለም፤ ግን እንደ ሕገ መንግሥት ይከበራል። እየሩስ አምና ታች ነበረች። እግሮቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታዘዟትም፤ የምትሄደው በዚሁ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። ወንበሩ ስም አለው፣ እንደ ከባዱ የጭነት መኪና «ሲኖ» ይባላል። ስሙን ያወጡት የክፍሏ ወንዶች ናቸው። ከግቢው በር እስከ ሰንደቅ ዓላማው ያለውን ቁልቁለት ፍሬን ሳትይዝ፣ በአፏ ጥሩንባ እየነፋች ስትወርድ መምህር ሳይቀር መንገድ ይለቅላታል። ሊያበሽቋት ያወጡት ስም ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። ከመደገፊያው ጀርባ በነጭ ቀለም «ሲኖ ነኝ፣ ርቀትዎን ይጠብቁ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ በኋላ የሚበሽቅ ጠፋ።

ክረምቱ አልፎ፣ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ አሥረኛ ስትገባ ትምህርት ቤቱ ደስ አለው። ደስታው ደረጃው ሥር ሲደርስ ቆመ።

በመጀመሪያው ቀን ዋልልኝና ጓደኞቹ ማንም ሳያዛቸው አንስተው አወጧት። ቅን ልጆች ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ የአንድ ለአምስት ተግባር ሆነ፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን አደራጅቶ የሚመራበት ቡድን ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ኮሚቴ ተቋቋመለት። ቀጥሎ አቶ ሙላቴ ለበላይ አካል ሪፖርት አደረጉ፤ የበላይ አካልም «ይህማ ምርጥ ተሞክሮ ነው! ተቀምሮ በየትምህርት ቤቱ መስፋፋት አለበት» አለ። አጣናና ገመዱ የመጣው ያኔ ነው። ሰኞ የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር ከየወረዳው እንግዶች መጥተው በዓይናቸው ያያሉ። በፎቁ በረንዳ ላይ ከወዲሁ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፦ «ትከሻችን ደረጃሽ ነው!»

እየሩስ ጠዋት ከወጣች የመጨረሻው ደወል እስኪደወል አትወርድም። በዕረፍት ሰዓት የተሸካሚው ኮሚቴ አባላት በሙሉ ኳስ ሜዳ ናቸው። ሽንት ቤት ያለው ደግሞ ታች ነው። ስለዚህ ጠዋት ውኃ አትጠጣም፤ ቁርሷንም በደረቁ ውጣ ነው የምትመጣው። ተሞክሮውን የቀመሩት ሰዎች ይህን አልጠየቋትም። ውቢት ብቻ ታውቃለች።

ውቢትም የማታውቀው አንድ ነገር ነበር። የእየሩስ እናት ፈንታነሽ የምትኖረው ከገሳይ ወጣ ባለ መንደር ነው። ልጇን ደብረ ታቦር ከእህቷ ጋር ስታስቀምጥ አንድ ነገር አስጠንቅቃለች፦ «ማንም ትከሻ ላይ እንዳያወጣሽ። ደህና ሰው ቃሬዛ ላይ አይወጣም፣ ሟርት ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ወደ ቤትሽ ነው።» እናም እየሩስ በስልክ በተጠየቀች ቁጥር «ታች ነው እማ የምንማረው» እያለች ነበር የከረመችው።

«እንደገና እንሞክር» አሉ አቶ ሙላቴ።

«እኔ ለዛሬ በቃኝ» አለች እየሩስ።

«እንዴት ይበቃሻል? ገመዱ አዲስ ነው፣ አጣናው አዲስ ነው። ክብደት ሳይሞከርበት ቀርቶ ሰኞ እንግዳ ፊት ቢበጠስስ?»

ውቢት አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በጣም ጨዋ ልጅ መስላ ጣልቃ ገባች። «ቲቸር፣ ለክብደቱ ከሆነ እርስዎ ለምን አይወጡበትም? ከእየሩስ ብዙም አይከብዱም።»

አቶ ሙላቴ ቀጭን ሰው ናቸው። አንዴ ወንበሩን፣ አንዴ ልጆቹን ተመለከቱ። እምቢ ቢሉ «ገመዱ አያስተማምንም» ማለት ሊሆን ነው። ብርዱ አልለቅ ብሎ ከሱፋቸው በላይ ደርበውት የነበረውን ጋቢ ሰበሰቡና ተቀመጡ።

«ቀስ ብላችሁ» አሉ።

ቀስ የሚል አልነበረም። ርዕሰ መምህር የመሸከም ዕድል በሰው ሕይወት ስንት ጊዜ ይመጣል? አራቱ ልጆች ለእየሩስ አሳይተውት በማያውቁት ጉልበት ብድግ አደረጓቸው። ወንበሩ ወደ ኋላ ዘመመ፣ ወደ ፊት ዘመመ። «ኧረ ጊዮርጊስ! ቀስ! ልጆች ቀስ!» አሉ አቶ ሙላቴ። ደረጃው መሐል ሲደርሱ ቁልቁል እንዳያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እሱም አልበቃ ሲላቸው ጋቢውን እስከ ግንባራቸው ድረስ ስበው ተከናነቡ።

ስህተቱ እሱ ነበር።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነው። የትምህርት ቤቱ አጥር የሽቦ ስለሆነ ከውጭ ሁሉም ይታያል፤ በአጥሩ ሥር ደግሞ ገበያተኛው ያልፋል። በዚህ አገር ቃሬዛ ሲያልፍ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ኋላ ይጠይቃል። ጠይቆ ማልቀስ ነውር ነው።

ከገበያተኞቹ መካከል ከገሳይ መኪና የወረደች፣ አንድ ጆንያ ድንች ያዘለች ሴት ነበረች። ልጇን ሳትነግራት መጥታ ልታስደስታት አስባ ነበር። በሽቦው ውስጥ ስትመለከት በልጇ ትምህርት ቤት አራት ወንዶች ተሸክመው፣ በአጣናዎቹ መሐል አንድ ሰው ተከናንቦ አየች። ድንቹን ለቀቀችው።

«ልጄን! ወይኔ ልጄን! እየሩስዬን!»

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች የማን ልጅ እንደሆነች አያውቁም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። ዶሮ የያዘችው ዶሮዋን ጥላ፣ ሽሮ የተሸከመችው ሽሮዋን አውርዳ ተቀበሏት። ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ወርዶ «ማን ነው?» ሲል አንድ ተማሪ «ዲሬክተሩ ናቸው» አለው። ሾፌሩም «ኧረ! ትናንት እኮ ጭኛቸው ነበር!» ብሎ ወሬውን ይዞ ወደ ከተማ ፈተለከ።

አቶ ሙላቴ ጩኸቱን ሲሰሙ ፎቁ ላይ ደርሰዋል። ጋቢውን ገለጡና ተነሥተው ቆሙ። «ደህና ነኝ! ልምምድ ነው!» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። የተገነዘ የመሰላቸው ሰው ተነሥቶ ንግግር ሲጀምር ሴቶቹ ጩኸቱን እጥፍ አደረጉት።

እየሩስ ያቺን ድምፅ በሺህ ድምፅ መካከል ትለያለች። ሲኖን እያከነፈች ወደ በሩ ደረሰች። «እማ! እማ፣ እዚህ ነኝ!»

ፈንታነሽ ልጇን ጭንቅላቷን፣ ትከሻዋን፣ ጉልበቷን ዳበሰቻት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቅም ልቅሶም የማይመስል ድምፅ አወጣች። ተማሪዎቹ ድንቹን ለቀሙላት። የዚያችን ሴት ዶሮ ግን ማንም አልያዘላትም።

በዚህ ብቻ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አቶ ሙላቴ ግን ከደረጃው ወርደው፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው መጡ። ክብራቸውን በማብራሪያ ለመመለስ የፈለጉ ይመስላል።

«እናቴ፣ አይደንግጡ። ቃሬዛ አይደለም፤ አካቶ ወንበር ይባላል። ልጅዎን በየቀኑ ወደ ክፍሏ የምናወጣበት ነው።»

«በየቀኑ?» አለች ፈንታነሽ። ዞራ ልጇን አየቻት። «ታች ነው የምንማረው አላልሽኝም?»

እየሩስ ፊቷን ወደ ደረጃው አዞረች።

«መምህሬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች ፈንታነሽ ነጠላዋን እያራገፈች። «ልጆቹንም ያሳድግልኝ። እኔ ግን ደህና ልጄን ቃሬዛ ላይ አላይም። ሌላ መውጫ ካለ ይንገሩኝ።»

አቶ ሙላቴ አሰቡ። «አንድ አማራጭ አለ። ዘጠነኛ ክፍል ታች ነው። ብትደግም...»

«ሁለተኛ የወጣች ልጅ ትድገም?» አለች ውቢት።

«አማራጭ ነው ያልኩት!»

«እንግዲያው ሰኞ በዓላችሁን አክብሩ» አለች ፈንታነሽ። «ሲያልቅ አብረን ወደ አገራችን እንሄዳለን። አንባቢ ሆናለች፤ ይበቃታል።»

ይህን ስትጨርስ የአቶ ሙላቴ ባለቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች በበሩ ገባች። አቶ ሙላቴ በሕይወት መኖራቸውን ለማስረዳት ወደዚያ ሮጡ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እናትና ልጅ በአክስት ሕይወት ግቢ ድንች ይልጣሉ። አይነጋገሩም። ሕይወት ከአረብ አገር ከተመለሰች ጀምሮ ፀጉር ቤት ከፍታለች፤ ዝምታ አትወድም።

«እኔ የሠራሁበት ቤት ስምንተኛ ፎቅ ነበር» አለች። «ሊፍት ነበረው። ሊፍቱ ለእመቤቲቱና ለውሻዋ ነው፣ እኔ በደረጃ። አንድ ቀን ውሻዋን ታቅፌ በሊፍቱ ገባሁ። ማን ይናገረኛል? ውሻዋን ነው የማወጣው።»

እየሩስ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም።

«ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ ነው የታመምሽው» አለች ፈንታነሽ፣ ከድንቹ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «ዝናብ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ይዘውሽ እስከ መኪና መንገድ ወጡ። አንድ ሕፃን ለአራት ወንድ ምን ይከብዳል? ግን ሁሉም ዝም ብለው ነበር የሚሄዱት። የሞተ ሲሸከሙ ነው እንደዚያ ዝም የሚሉት። ሕይወትሽ ተርፎ በጀርባዬ አዝዬሽ ስመለስ፣ ሁለተኛ እዚያ እንጨት ላይ አላያትም ብዬ ተናገርኩ።»

እየሩስ ቢላዋውን አስቀመጠች። እስካሁን ሟርት የሚለው ቃል የአገር ቤት ፍርሃት ብቻ ይመስላት ነበር።

«ዋሸሁሽ። ይቅር በይኝ» አለች። «እኔም እዚያ እንጨት ላይ መውጣት አልወድም። ቤት መመለስም ግን አልፈልግም፣ እማ።»

«ታዲያ በምን ትወጫለሽ? በክንፍ?»

ከመስከረም ጀምሮ ሁሉም የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። በምን ትውጣ? በማን ትውጣ? ስንት ሆነው ያውጧት?

«ለምንድን ነው ግን የምወጣው?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

ሳትመልስላት በሩ ተንኳኳ። ውቢት ነበረች፤ ከኋላዋ ዋልልኝ ቆሟል። ዋልልኝ ለፈንታነሽ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ ትናንት ያስለቀሳት እሱ የሆነ ያህል አፍሯል።

«ከሰኞ በኋላ ወደ አገር ልትሄጂ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለ ለእየሩስ፣ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ። የሸሚዙን ኮሌታ ገለጥ አደረገ። ትከሻው ላይ ቆዳው ጠቁሮ ደድሯል። «እይው። አማርሬ ሳይሆን... እይው ብዬ ነው። አያቴ የቃሬዛ ማኅበር ዳኛ ነበሩ። እኛ ቤት ሰው ታሞ ትከሻውን ያልሰጠ ሰው ሰው አይባልም። እኔ መልካም ያደረግሁ ነበር የመሰለኝ።»

«መልካም ነው ያደረግኸው» አለች እየሩስ። «የመጀመሪያው ቀን ባታነሳኝ ኖሮ ከበሩ እመለስ ነበር። ግን ቃሬዛ ለታመመ ነው፣ ዋልልኝ። እኔ አልታመምኩም። ትምህርት ቤት ነው የምሄደው።»

ዋልልኝ መሬቱን በጫማው ቧጠጠ።

«ኳስ ልትጫወት ስትወርድ እኔ የት እንደምሆን አስበህ ታውቃለህ?»

«መስኮቱ ጋ ሆነሽ ታይናለሽ።»

«ውኃ እንደማልጠጣስ?»

አላወቀም ነበር። ውቢት ነገረችው፤ ምንም ሳታሳምር፣ ሽንት ቤቱን በስሙ ጠርታ። የዋልልኝ ጆሮ ቀላ። ፈንታነሽም ስትሰማ የያዘችው ድንች ከእጇ ወደቀ።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ በመጨረሻ።

«ዴስክና እኔ፣ ማን ይከብዳል?»

«አንቺ። ዴስክ አይነጫነጭም።»

«እንግዲያ ክፍሉን አውርዱት። እኔን ዓመቱን ሙሉ ከምታወጡ፣ ዴስኮቹን አንድ ቀን አውርዱ። ዘጠነኛ ሀዎች ፎቅ ላይ ለመማር ነፍሳቸው ሊወጣ ነው። ይውጡ፣ እኛ እንውረድ።»

«አሥረኛ ክፍል ታች?» አለ ዋልልኝ። ሚስቱ መስላው እህቱን እንደሳመ ሰው ነው የደነገጠው። «ጉድ ይሉናል። ዘጠነኞች ይስቁብናል። ቲቸር ሙላቴማ ይገድሉኛል።»

«እሳቸው ትናንት ሞተው ነበር፤ ገና ድካሙ አልወጣላቸውም» አለች ውቢት።

ዋልልኝ አልሳቀም። «ኮሚቴው አለ፣ ሪፖርቱ አለ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ተነሣ። ለፈንታነሽ ድጋሚ ጎንበስ አለ። እሺም እምቢም ሳይል ወጣ።

«ያደርገዋል?» አለች ውቢት።

«አላውቅም» አለች እየሩስ። «እኔ ግን እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም። እሱ አደረገ አላደረገ።»

ሰኞ ግቢው በድንኳንና በእንግዳ ሞላ። ከፊት በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ከየወረዳው የመጡ ኃላፊዎች የታሸገ ውኃ ይዘው ተቀምጠዋል። ፈንታነሽና ሕይወት ከኋላ ናቸው፤ የእየሩስ ሻንጣ ተሸክፎ እግራቸው ሥር ቆሟል። አቶ ሙላቴ ረጅም ንግግር አነበቡ። «አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደጋግመው ሲያነቡ፣ በያንዳንዱ ጊዜ ጭብጨባ ለመቀበል ቆም ይሉ ነበር።

«አሁን ደግሞ» አሉ ድምፅ ማጉያውን ቀረብ አድርገው፣ «የትምህርት ቤታችንን ምርጥ ተሞክሮ በተግባር እናያለን!»

ሙዚቃ ተለቀቀ። ዋልልኝና ሦስቱ ጓደኞቹ አጣና ላይ የታሰረውን ወንበር ይዘው መጥተው እየሩስ ፊት አስቀመጡት። አራቱም ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ዋልልኝ ዓይኗን አላያትም።

እየሩስ የሲኖን ፍሬን ያዘች። «አልወጣም» አለች፣ ለእነሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ሙዚቃው ቀጠለ። እሷም ተቀምጣ ቀጠለች።

«ዓይን አፋር ናት!» አሉ አቶ ሙላቴ እየሳቁ። «አበረታቷት እንጂ!»

ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ሰው ሁሉ በቅንነት ያጨበጭባል፤ ችግሩም እሱ ነው። የማታውቃቸው ፊቶች ሁሉ «በርቺ፣ ውጪ» የሚሉ መሰላት። አንድ አፍታ፣ ወጥቶ መገላገል ቀላል እንደሆነ ተሰማት፤ ጥቂት ደረጃ ነው፣ ዓይንን ጨፍኖ ማለፍ ይቻላል። ግን ይህን አይተው የሚሄዱት ሰዎች ነገ በየወረዳቸው አጣና ያስቆርጣሉ። በየወረዳውም ውኃ የማትጠጣ አንዲት ልጅ ትኖራለች።

ጭብጨባ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ማለቁ አይቀርም። እስኪያልቅ ጠበቀች።

ከፊት ረድፍ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ባለሥልጣን ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ፈራሽ እንዴ?» አሏት።

«አልፈራሁም» አለች እየሩስ። ድምፅ ማጉያ አልነበራትም፤ ግን ዝምታው ረድቷታል። «አልታመምኩምም። እኔ ደህና ነኝ። ቦታው የተሳሳተው ክፍሌ ነው። ታች መሆን ነበረበት።»

አቶ ሙላቴ ሳሉ። ሙዚቃውን የያዘው ልጅ አጠፋው።

ዋልልኝ አጣናውን ተመለከተ። አቶ ሙላቴን ተመለከተ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሩስን አያት፤ አያቱ ዳኛ ሆነው ሲቀመጡ የሚያሳዩት ዓይነት ፊት ሳይሆን አይቀርም፣ ከበድ ያለ ነው። የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ።

«ኑ» አላቸው ለሦስቱ። ወንበሩን ባዶውን ትተው ወደ ደረጃው ሄዱ።

«ወዴት ነው?» አሉ አቶ ሙላቴ። «ልጆች! ልጅቷን ረስታችኋል እኮ!»

ከላይ፣ «ትከሻችን ደረጃሽ ነው» ከሚለው ጨርቅ ጀርባ፣ እንጨት በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ተሰማ። እንግዶቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ዴስክ በአራት ትከሻ ላይ ሆኖ በደረጃው ጫፍ ብቅ አለ።

«ቀኝ ዝቅ! ዘመኑ፣ ቀኝ!»

ዴስኩ ወረደ። ሁለተኛው ተከተለ። አሁን የሚወርዱት እነሱ ብቻ አልነበሩም፤ ውቢት ሴቶቹን አስተባብራ ሌላ ዴስክ ይዛለች። ከዘጠነኛ ሀ መስኮት ራስ በራስ ላይ ተደራርበው ሲያዩ የነበሩት ልጆች ነገሩ ሲገባቸው ግቢውን በጩኸት አደበላለቁት፤ ማንም ሳይነግራቸው የየራሳቸውን ዴስክ ይዘው ወደ ፎቁ ተሽቀዳደሙ። ደረጃው መሐል ላይ የሚወርደውና የሚወጣው ተጋጨ፣ ተሰዳደበ፣ ተላለፈ።

ባለሥልጣኗ ወደ አቶ ሙላቴ ዞሩ። «ይህም ተሞክሮው ውስጥ አለ?»

አቶ ሙላቴ ግንባራቸውን ጠረጉ። ዴስኮቹን፣ እንግዶቹን፣ የተሰቀለውን ጨርቅ አዩ። በአገልግሎት ዘመናቸው ብዙ ነገር ፈጥነው ማቀድ ለምደዋል።

«አዎ» አሉ። «ይህ... ምዕራፍ ሁለት ነው።»

ባለሥልጣኗ ማስታወሻቸውን አወጡ።

እየሩስ ወደ ኋላ ተመለከተች። ሻንጣው በቦታው አለ፤ እናቷ ግን የለችም። ስትፈልግ አገኘቻት። ፈንታነሽ መቀነቷን አጥብቃ፣ ከአንድ አጭር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጋር የዴስክ ጫፍ ይዛ «ግፋ እንጂ ወንድሜ፣ ቁርስህን አልበላህም?» ትለዋለች።

ታችኛው ክፍል ሲሞላ ዋልልኝ ላቡን በነጭ ሸሚዙ እየጠረገ በሩ ላይ ቆመ። «ያንቺ ቦታስ የት ይሁን?»

እየሩስ ወደ ክፍሉ ገባች። ፎቅ ላይ ቦታዋን መርጣ አታውቅም፤ ለማውረድ እንዲመች ሁልጊዜ በሩ ጥግ ነበር የሚያስቀምጧት። አሁን ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ነው። በር ላይ እንግዶች ተደርድረው ያያሉ፤ አቶ ሙላቴ ሰዓታቸውን ያያሉ። እሷ አልቸኮለችም። ሰሌዳው ፊት ሄደች፤ ቅርብ ነው፣ ግን የመምህሩ ጠመኔ ብናኝ አለ። መሐሉን አየችው። በረድፎቹ መካከል እየተሽከረከረች እስከ መጨረሻው ሄደች፣ ወሬኞቹ ወደሚቀመጡበት ጥግ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከውጭ የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል።

«እዚያ?» አለ ዋልልኝ። «ሁለተኛ የወጣ ሰው ኋላ ይቀመጣል እንዴ?»

እየሩስ መንኩራኩሮቿን አስተካከለችና ፍሬኑን ያዘች።

«እዚህ» አለች።